የበረኛው አባት የማያየው ጨዋታ

ብሔራዊ ቡድኑ ወደ ትልልቅ ውድድሮች መሄድ እንጂ እዚያ መቆየት አያውቅም። አበባ ይዘው ይሸኙታል፤ የምድቡ ጨዋታ ሲያልቅ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። አሠልጣኙ ይባረራል፣ ሌላ ይመጣል፣ እሱም በተራው ሻንጣውን ይሸክፋል። ሌላው ሰው ጥፋቱን ሣሩ ላይ፣ ዳኛው ላይ፣ አየሩ ላይ ይፈልግ ይሆናል። የዚህ ሰፈር ሰው ግን በፍለጋ አይደክምም። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ስንት ሰዓት ከሥራ እንደሚገባ ጭምር ያውቃል። ጥጉ ላይ ባለው ቤት የሚኖረው ሊፍት ጠጋኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሊፍት ጠጋኙ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ጨዋታ ለማየት ጎረቤት ቤት ዘግይቶ ገባ። «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ሳይጨርስ የራሳችን ተከላካይ ኳሷን የገዛ መረባችን ውስጥ ከተታት። በሚቀጥለው ውድድር ደግሞ ወንበር ስቦ ከመቀመጡ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። ከዚያ ወዲህ ገደ ቢስ ተባለ፤ አለቀ። እሱ ሳያይ የተሸነፍንባቸው ጨዋታዎች የሉም ወይ? ሞልተዋል። ሰፈሩ ግን ለዚያም መልስ አያጣም። በሬዲዮ ሰምቶ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ውጤት ጠይቆ ይሆናል፤ አንድ ጊዜማ «በሕልሙ አይቶ ነው» ተብሏል።

ሰውየው ነገረኛ አይደለም። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ ኋላ ለመደው። ጨዋታ ባለ ቁጥር የሚሠራበት ሕንፃ አናት ላይ ወዳለችው የሊፍት ሞተር ክፍል ይወጣና በሩን ዘግቶ ግራሶ ሲቀባ ይውላል። ጩኸቱ ከየፎቁ በሊፍቱ ጉድጓድ በኩል ይደርሰዋል። የደስታ ይሁን የሐዘን፣ ጠይቆ አያውቅም፤ ጆሮው ለይቶታል።

ይህም ባልከፋ ነበር። የከፋው ልጁ በረኛ ሲሆን ነው።

ልጁ በብሔራዊ ቡድኑ ለብዙ ዓመት ወንበር ሲያሞቅ ኖሯል። በዚህኛው ውድድር ዋናው በረኛ ጉልበቱን ታሞ ቀረና ተራው ደረሰው። ደረሰው ይባል እንጂ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ከዚህ በኋላ ጓንቱን እንደሚሰቅልም ራሱ ተናግሯል። አባትየው ታዲያ ልጁን በአገሩ ማሊያ አንድ ጊዜ ሲጫወት ማየት ነው የፈለገው። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ልጁ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ አቀፈው። «አባዬ፣ ሰው የሚያወራውን እኔ አላምንም» አለው። «ግን…» ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

አባትየው ያቺን «ግን» ሰማት። ማብራሪያ አልጠየቀም።

ሚስቱም አላገዘችውም። «እኔም አምኜ አይደለም» አለች ሸሚዝ እየተኮሰች። «ቢሸነፉ ግን ልጄን በአንተ ነው የሚያሙት። ይቺን እንኳ ቻላት።»

«ዕድሜ ልኬን የቻልኩትስ?»

«ያን ሁሉ ከቻልክ ይቺማ ምን አላት?»

እንግዲህ ከሚስት ጋር እንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ የገባ ሰው እንዴት እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ቻላት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ። ሁለተኛውን አሸነፉና ጉድ ተባለ። ሦስተኛውን አቻ ከወጡ ያልፋሉ፤ አልፈው ስለማያውቁ ካለፉ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ መከረ። እንዲህ ያለ ቀን ላይ አደራውን ለሰውየው ለብቻው መተው አይሆንም ተባለና ባለሱቁ ጠባቂ ሆኖ ተላከበት። ባለሱቁ ተራራ የሚያህል ሰው ነው፤ ሲስቅም ሲያዝንም በሙሉ ሰውነቱ ነው።

«ጋሼ፣ በክፉ አይዩብኝ» አለ፣ ሞተር ክፍሏ ውስጥ ባልዲ ደፍቶ እየተቀመጠ። «ለእርስዎም ይጠቅማል። ቢሸነፉ ምስክር እሆንዎታለሁ። አላየም ብዬ እምላለሁ።»

«ቢያሸንፉስ?»

«ቢያሸንፉማ ማን ይጠይቃል?»

ክፍሏ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ባለሱቁ የመጀመሪያውን አጋማሽ ስልኩን እያገላበጠ፣ ላቡን እየጠረገ ጨረሰ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር አልቻለም። «ታች ዘበኞቹ ጋ ውጤቱን ሰምቼ ልምጣ» አለ። «ለእርስዎ ግን አልነግርዎትም።»

ሄደ፤ ዘበኞቹ ጋ ካለው ቴሌቪዥን ፊት ተገትሮ ቆየ። አደራው ትዝ ሲለው ሮጦ ሊፍት ውስጥ ገባ። አራተኛውን ፎቅ እንዳለፈ፣ ቢሮ ውስጥ ተሰብስበው የሚያዩት ሠራተኞች አንድ ላይ ጮኹ። ባለሱቁ ያገባን መስሎት ባለው ኃይል ሁሉ ዘለለ። ሊፍቱ አርጅቷል፤ እንዲህ ያለ ደስታ አልለመደም። ፍሬኑ ነከሰና በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ አለ።

ሊፍት ጠጋኙ ሞተሩ ፊቱ ላይ ሲቆም፣ ደወሉም ሲጮህ ቁልፉን ይዞ በደረጃ ወረደ። የአምስተኛውን ፎቅ በር ከፈተ። ባለሱቁ የውስጡን በር ገፍቶ ከታች አንጋጦ ያየዋል፤ ጭንቅላቱ ከሊፍት ጠጋኙ ጫማ ትንሽ ነው ከፍ የሚለው።

«ምን ሆንክ?»

«ጎል መስሎኝ ዘለልኩ።»

«ሊፍት ውስጥ?»

«የት እንዳለሁ አስቤ መሰለዎት?»

ይህን ሲባባሉ በሩ በመከፈቱ ኔትወርኩ ተመለሰ፤ በባለሱቁ እጅ ላይ ያለው ስልክ ምስል አመጣ። ጥፍር የሚያክል በረኛ ግቡ ፊት ቆሟል። ሊፍት ጠጋኙ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ፊቱ አይታይም፤ ግን የግራ ትከሻው ወደ ታች ወርዷል። ይህን ትከሻ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ቀና በል፣ አትጣለው» እያለ ሲቆጣው ኖሯል።

«ልጄ ነው» አለ።

ባለሱቁ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ጋሼ፣ በእናትዎ ዞር ይበሉ።»

«አውጣው።»

«ሰፈሩ ምን ይለኛል?»

«መውጣት ትፈልጋለህ አትፈልግም?» አለ ሊፍት ጠጋኙ ቁልፉን እያሳየው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ባለሱቁ ስልኩን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገ። ባዶ ለባዶ ናቸው። ከማዕዘን የተመታችው ኳስ መጣች፣ አንድ ረጅም ሰው በግንባሩ ገጫት፣ በረኛው ተወርውሮ በግራ እጁ አወጣት። ሊፍት ጠጋኙን ደስ አለው፤ ልጁ የተወለደ ዕለት እንኳ እንዲህ ደስ ያለው አይመስለውም። አንዱ ተንበርክኮ፣ አንዱ አንጋጦ ማየታቸውን ቀጠሉ። ምንም አልገባም።

«አልገባብንም እኮ» አለ ባለሱቁ፣ የገዛ ዓይኑን እየተጠራጠረ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሊፍት ጠጋኙን ፍርሃት ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ ከንቱ ወሬ ሲለው የኖረው ነገር ድንገት ከንቱ አልመስል አለው። ያቺ «ግን» ትዝ አለችው። አሁን አንድ ነገር ቢሆን ልጁ ፊት በምን ዓይኑ ይቆማል? ጉልበቱን ይዞ ተነሳ።

«በቃኝ፤ አንተን ላውጣህ።»

«ትንሽ ነው የቀረው። ይጨርሱት እንጂ።»

«በቃኝ አልኩህ።»

በሩን ዘግቶ ወደ ሞተር ክፍሏ ወጣ። መብራቱን ቆረጠ፣ ፍሬኑን ለቀቀ፣ መዘውሩን በእጁ ያዞር ጀመር። ትንሽ እንዳዞረ ከየፎቁ ያ ድምፅ በጉድጓዱ በኩል ወጣ። የደስታ አልነበረም። እጁ መዘውሩ ላይ ቆመ። ሊፍቱ ውስጥ ግን ሰው አለ፤ መልሶ ማዞሩን ቀጠለ።

ባለሱቁ የወጣው ፊቱ አመድ መስሎ ነው። «እያዩ ሳሉ አልገባም» አለ። «እርስዎ ሲሄዱ ነው የገባው። ምነው ባልሄዱ፣ ጋሼ።»

ሊፍት ጠጋኙ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ተያይዘው ወረዱ።

ሰፈር ሲደርሱ ሰዉ ሱቁ ደጃፍ ተሰብስቦ ይጠብቃል። «አይቷል አላየም?» ብለው ባለሱቁን ያዙት። ባለሱቁ ውሸት አይችልበትም፤ እውነቱ ደግሞ ረጅም ነው። «አዎ፣ አይቷል፤ ግን…» አለ። ከዚያች «ግን» በኋላ ያለውን ቆሞ የሰማ የለም። ጉዳዩ ተዘጋ፤ ቡድኑ ለምን እንደተሸነፈ ታወቀ።

አመሻሹ ላይ ልጁ ደወለ። ሚስቲቱ አነጋገረችው፣ አለቀሰች፣ ስልኩን ለባሏ ሰጠች። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ቀድሞ ደርሷል።

«አባዬ፣ አይተሃል አሉኝ።»

ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ አላየሁም በል ማለቷ ነው። እሱም ቢሆን ልጁን በመጨረሻ ጨዋታው ቀን ቅር ማሰኘት አልፈለገም። ያየውን መካድ ግን አቃተው።

«አይቻለሁ» አለ።

«የቷን ኳስ?» አለ ልጁ።

«ከማዕዘን ተመትታ በግራ እጅህ ያወጣሃትን። ትከሻህን ጥለህ ነበር፤ ቢሆንም ደረስክባት።»

«እሷን አየሃት?»

«አየኋት።»

«ጎሏንስ?»

«እሷን አላየኋትም። ሰው ሊፍት ውስጥ ቀርቶብኝ ላወጣው ሄድኩ።»

ልጁ ተነፈሰ። «እንግዲያው ጎል ያልገባበት በረኛ ነው ያየኸው» አለ።

«አዎ» አለ አባትየው። «እሱን ነው ያየሁት።»