የበላይነህ አሻጋገር

“አያታችን አቶ እሸቴ በእናታቸው ሐዘን ከደጃፋቸው አልወጡም። አባታችን አቶ ጥሩሰው በወንድማቸው ለቅሶ የእርሻው ወቅት እያለፈባቸው ሞፈር አልነኩም፤ ጎረቤት አረሰላቸው። አጎታችን ቀኛዝማች ደምሴማ ሰባቱ እስኪወጣ ድረስ በግቢያቸው እንጨት እንኳ አላስፈለጡም።”

ባላምባራስ ኃይለማርያም ይህን የተናገሩት በነገሌ፣ በታናሽ ወንድማቸው በበላይነህ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ጀርባቸውን አንድም ነገር ሳያስደግፉ ተቀምጠው ነበር። ነገራቸውን ሳይጨርሱ ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤታቸው ጉያቱ ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች።

“ደሳለኝ ነው” አለች በሹክሹክታ። “የአባቱን መኪና እየቀጠቀጠ ነው። ዝም ብትሉት ይሻላል፣ ባላምባራስ። የእኛ የአገሬው ሰው ሲያዝን ከብቱን ይዞ ይሄዳል፤ የእሱ ከብት ይህችው ናት።”

ባላምባራስ ተነሥተው ወደ ጓሮ ዞሩ። ከግራሩ ሥር የወንድማቸው ፒክአፕ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው የገዟት ናት። በላይነህ በወባ ከወደቀ ጀምሮ ግን የነካት አልነበረም፤ ዶሮዎች ጣራዋ ላይ ያድሩ ነበር። ለቀብር ከሀገረ ማርያም የመጣው ልጁ ደሳለኝ፣ እዚያ የጭነት መኪና የሚነዳው፣ ከሥርዋ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“ይህ ግቢ የሐዘን ቤት ነው ወይስ ጋራዥ?”

“ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ እኔን እንባ እምቢ አለኝ። ሥራ ከፈታሁ ደግሞ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ደግሞም ከአሬሮ አባ ጃታኒ ልከውብኛል። ለሰባቱ መምጣት ይፈልጋሉ፤ እግራቸው አያስኬዳቸውም። በሌላ ሰው መኪና ግን አልሳፈርም ብለዋል። ‘የበላይነህ ትምጣልኝ’ ነው ያሉት።”

ባላምባራስ ወደ መኪናዋ ተመለከቱ። በላይነህ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ መንገዱን፣ ውሃውንና ቋንቋውን ያስተማረው ጃታኒ ነበር። በየዓመቱ ለፋሲካ በላይነህ ራሱ ሄዶ ያመጣው ነበር፤ ሽማግሌው ሥጋ ባይበላላቸው እንኳ ወተት ተቀድቶለት አብሮ ይውል ነበር። ጃታኒ የሌለበት ሰባት ለበላይነህ አይገባም።

“እንግዲያው ጠግናት” አሉ። “ነገር ግን አንድ ቃል ትሰጠኛለህ። በመንገዱ ያለውን ላጋ በእግርህ ሳትሻገር መኪናዋን እንዳታስገባ። አባትህ ያደርገው የነበረውን ታደርጋለህ።”

ላጋ የሚሉት በአሬሮ መንገድ ላይ ያለውን አሸዋማ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ይሞላል። በላይነህ ከዳርቻው ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋ፣ ጫማውን ያወልቅ፣ ሱሪውን ይጠቀልልና በእግሩ ተሻግሮ ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋን የሚያስገባት። ደረቅም ቢሆን ያው ነበር።

ደሳለኝ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የደስታ አልነበረም። “ጋሼ፣ ሰማዩን አይተውታል? ደመና የለበትም። የሀገረ ማርያም ሾፌሮች አባዬን ምን ይሉት እንደነበር ያውቃሉ? ‘እግረኛው ሾፌር’። እኔም የእግረኛው ልጅ ነበርኩ።”

“ቃልህን ጠየቅሁህ።”

“እሺ።”

ባላምባራስ በፍርድ ቤት ብዙ ዘመን የሰው ቃል ሲሰሙ የኖሩ ሰው ነበሩ። ይህ እሺታ አልጣማቸውም።

በሰባቱ ዋዜማ ማለዳ ፒክአፗ ተነሣች። ሞተሯ ሲጮኽ የሟች ሚስት ሀረገወይን ከቤት ሮጣ ወጥታ ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች፤ ልጇ መሆኑን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ቀትር ላይ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ወደ ሟች ዞረ። አንድ ጡረተኛ የጦር ሠፈር ሰው፣ ሃምሳ አለቃ ሞሉ፣ በለሆሳስ ያወጋ ነበር።

“ከአሬሮ ወታደር ጭኖ ሲመለስ አብሬው ነበርኩ። ላጋው ዳር አቆመና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። መቶ አለቃችን ቸኩሏል። ‘አንተ ሾፌር ነህ መነኩሴ?’ አለው። ሁላችን ሳቅን። በላይነህ ቁልፉን አውጥቶ ዘረጋለት። ‘ይኸው፣ ጌታዬ፤ ይንዷት። እኔ ግን ያልረገጥሁት ውኃ ውስጥ የሰው ልጅ ይዤ አልገባም’ አለው።”

“መቶ አለቃውስ?”

“ቁልፉን አየው፤ ውኃውን አየው። ከዚያ ሲጋራ ለኮሰና ጠበቀ።”

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ባላምባራስ ግን ዓይናቸው ከድንኳኑ ማዶ ነበር። በስተሰሜን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ወዲያው የፍየል ቆዳ ነጋዴው ራሺድ ገባ። ተንበርክኮ ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ ከባላምባራስ አጠገብ ተቀመጠ።

“ከአሬሮ መምጣቴ ነው። ደሳለኝን ከላጋው ማዶ አገኘሁት፤ ሽማግሌውን እያሳፈረ ነበር። ጎበዝ ልጅ ወጥቶታል። ሲሄድ ያዩት ሰዎች ሳያቆም ሰንጥቆት አለፈ ነው የሚሉት።”

“ሳይወርድ?”

“ምን ያወርደዋል? ደረቅ ነበር። እኔ ስሻገር ግን ውኃው ቁርጭምጭሚት አካባቢ መጥቷል።” ራሺድ የባላምባራስን ፊት አይቶ ፈገግታውን ተወ። “ደጋው ላይ ዘንቧል፣ ባላምባራስ። ከኋላዬ እየጨመረ ነበር።”

“ይህን ለእናቱ እንዳትነግር።”

ባላምባራስ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የሚመጣ ሰው ሲኖር ይነሣሉ፣ እጅ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። ከዋናው መንገድ የሞተር ድምፅ በመጣ ቁጥር ግን የሚያነጋግራቸው ሰው ምን እንዳለ ይጠፋቸዋል። የጦር ሠፈሩ መኪና ነበር። ቀጥሎም የእህል ጫኝ። እንደገናም የጦር ሠፈሩ መኪና።

ሀረገወይን የውኃ ጣሳ ይዛ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

“ለምንድን ነው ሰው ሁሉ እኔ ስገባ ዝም የሚለው?”

“ሐዘን ነው፣ ሀረግ።”

“ሐዘኑንማ አውቀዋለሁ። ይህ ሌላ ነው። ልጄ መድረስ ነበረበት።”

ሊዋሿት አፋቸውን ከፈቱ፤ አልሆነላቸውም። “ላጋው ሞልቷል” አሏት።

እሷም አልጮኸችም። ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ በሩ ሄደች። ባላምባራስ ተነሡ። ለቀስተኛው እያያቸው፣ አያታቸውም አባታቸውም ያላደረጉትን አደረጉ፤ ከሐዘን ቤት ደጃፍ ወጥተው የወንድማቸውን ሚስት ተከትለው የአሬሮ መንገድ እስኪጀምር ተጓዙ። እዚያም ጎን ለጎን ቆሙ። ፍየሎች ወደ ቤት ሲገቡ አቧራው መንገዱን ይሸፍነዋል፤ አቧራው ሲረግፍ መንገዱ ባዶ ይሆናል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናዋ ብቅ አለች። በጣም በዝግታ ነበር የምትመጣው። ሀረገወይን ክንዳቸውን ያዘች፤ ውስጧ ማን እንዳለ እስኪለይ ድረስም አልለቀቀችውም። ሁለት ሰው ነበር።

ጃታኒ በመስኮት እጁን ዘረጋላት። “ናጋ፣ ሀረጌ፣ ናጋ” አላት፤ ሰላም ማለቱ ነው። እሷም እጁን ጉንጯ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ደሳለኝ በሌላው በር ወረደ። ባዶ እግሩን ነው። እስከ አንገቱ ጭቃ ነበር፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። አጎቱ ፊት መጥቶ ቆመ።

“ውኃው ትንሽ ነበር፣ ጋሼ። ልገባ ማርሽ አስገባሁ። አባ ጃታኒ ‘ቡኢ’ አሉኝ፣ ውረድ። እምቢ ስላቸው በዚያ እግራቸው በሩን ከፍተው ራሳቸው ሊገቡበት ወረዱ። አፍሬ ጫማዬን አወለቅሁ።” ትንፋሹን ሳበ። “መሃሉ ላይ ስደርስ መሬት የለም። ጎርፉ አሸዋውን ጠርጎ ወስዶታል። እስከ አንገቴ ገባሁ፤ አንድ የዛፍ ሥር ባልይዝ ኖሮ አልወጣም ነበር። እስኪጎድል ጠብቀን፣ በሌላ በኩል ረግጬ ነው ያሻገርኳት። እሳቸውን ይዤ ልገባ ነበር፣ ጋሼ። ባስገባት ኖሮ እሳቸው ውስጧ ነበሩ።”

ባላምባራስ ጀርባቸው እያስቸገራቸው ጎንበስ አሉ፤ ለሕፃን እንደሚደረገው ጭቃ የጠጣውን የሱሪውን አንድ እግር ፈትተው አወረዱለት። ቀጥለው ሁለተኛውን ያዙ። እንባ እምቢ ብሎት የሰነበተው ልጅ ከላያቸው ሲንሰቀሰቅ ተሰማቸው።

“ፈሪ ይመስለኝ ነበር” አለ። “አባቴን። ተሳስቻለሁ።”