ሥጋ የሌለበት ስጎ

አምሳሉ ናፊሳን ምሳ ልጋብዝ ሲል ሌላ ቤት አልታየውም። ራውዳ ሰፈር ውስጥ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ እሱ ሪያድ ከመግባቱ በፊት የነበረ የጣሊያን ምግብ ቤት አለ። አስተናጋጁ ረሺድ እንኳ የሸበተው እዚያው ነው። አምሳሉና የናፊሳ ወንድም ሐቢብ፣ ሁለቱም የቤት ሾፌሮች፣ ሰኞ ሰኞ ከአሠሪዎቻቸው ተላቀው የሚገናኙት በዚያ ነበር። ሐቢብ በድንገት ልቡ ቆሞ ከሞተ ወር አልሞላውም። ናፊሳ ደግሞ ነገ ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። አምሳሉ በወንድሟ ምትክ አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ ሳያበላት ብትሄድ ሆዱ አያርፍም።

አምሳሉ ባስተዳደጉ እስላም ያረደውን አይበላም። ይህን ለእስላም ጓደኛ በአፍ መናገር ከበደውና፣ መጀመሪያ እዚህ የገቡ ቀን «ጾም ነኝ» አለ። ሐቢብም ለኔም ሥጋ የሌለበት ይሁን አለና ፓስታ በቲማቲም ስጎ በአንድ ትልቅ ሳህን መጣላቸው። በሚቀጥለው ሰኞም እንደዚያው። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ትእዛዙ አልተለወጠም። ሐቢብ አንዳንዴ ይተርበው ነበር። ሰኞን ጹሙ የተባልን እኛ እስላሞቹ፣ የምትጾመው አንተ፣ ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው ይለዋል። ሳህን እንለይ ቢለው ግን ለብቻው የሚበላ የተጣላ ሰው ነው ብሎ እምቢ ይላል።

ዛሬ አምሳሉ አፉን ሳይከፍት ናፊሳ ረሺድን በዐረብኛ አዘዘችው። ላዛኛ፣ ሥጋው በዛ ያለ፣ ለሁለት ሰው። ሐቢብ ይወደው ስለነበር ለነፍሱ ሶደቃ ይሁንለት አለች። ረሺድ አምሳሉን አየት አድርጎ ሄደ።

አምሳሉ ጨነቀው። የሟች ሶደቃ አይገፋም፣ ያደገበትም አይጣልም። «ጾም» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጣ። በሐቢብ ስም በታዘዘ ማዕድ ላይ ግን ሊደግመው አልቻለም።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» አላት። «እስላም ያረደውን አልበላም።»

ናፊሳ ግንባሯን መታ አደረገች። «ውይ፣ ሐዘኑ አስረሳኝ እኮ። ሐቢብ ነግሮኝ ነበር።»

«ያውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ጾም ነኝ ይለኛል፣ እኔም እሺ እለዋለሁ፣ ለምን አሳፍረዋለሁ ይል ነበር። እሱ እኮ ወንድሜ፣ ሥጋ ካላየ በላሁ የማይል ሰው ነው።»

አምሳሉ አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ ዘመን ለጓደኛው የተጠነቀቀ እሱ ይመስለው ነበር።

ናፊሳ ኸላስ፣ በቃ ይቅር ብላ ልትነሳ ስትል ያዛት። ረሺድን ጠርቶ ላዛኛው ለእሷ ብቻ እንዲቀርብ፣ ለእሱ ያው የቲማቲሙ እንዲመጣ ነገረው።

«እሱ የተወውን አንቺ ብዪለት» አላት።

ትንሽ አመነታች። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ ሳትቸኩል፣ ሳህኑ ነጭ እስኪሆን በላች። አምሳሉም የራሱን በላ። ሁለት ሳህን መካከላቸው ቢቀመጥም የተጣላ ሰው አልነበረም።

ሊነሱ ሲሉ ናፊሳ ሻሿን አስተካከለች።

«አገር ስትገባ በኛ በር ሳታልፍ እንዳትቀር። ቢላዋውን ላንተ እንሰጥሃለን፣ ያንተን በግ አንተው ታርዳለህ። የኛን አባቴ ያርዳል። በወሎ እንግዳ እንዲህ ነው የሚከበር።»

«ሁለት በግ አይበዛም?»

«ለሐቢብ ነው» አለችው።