የታንኳዋ ባለቤቶች

«ወገቧን ያዝ። በጫፏ ከጎተትካት ትፈታለች» አለ ጠልሀ።

የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ወልደየስ ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ከሥር ገባ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የመጣችውን የደንገል ታንኳ ተሸክመው በዴንቨሩ ሙዚየም አዳራሽ መካከል በተዘጋጀላት መደብ ላይ አሳረፏት። ከጎኗ ከፓስፊክ ጠረፍ የመጣ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ረጅም ጀልባ ተጋድሟል። ከበላያቸው በእንግሊዝኛ «የውሃ ጠባቂ ነባር ሕዝቦች ቀን» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ባሕር የሚባል ነገር በማይታይበት ደረቅ ከተማ ለባሕር የሚቆረቆር አይጠፋም።

«አንተ የባሕር ዳር ልጅ ነህ፤ ዓሣ አጥማጆቹ እንዴት እንደሚሠሯት ታስረዳለህ። ልጅህ ትተረጉማለች» አለ ወልደየስ ላቡን እየጠረገ። «አሳጥረው ግን። አበሻ ማይክ ከያዘ አይለቅም ይሉናል።»

«እኔ የኤርፖርት ቫን ነጂ ነኝ። ማይክ የምይዘው የተርሚናል ስም ለመጥራት ነው።»

ወልደየስ ሳቀ። ጠልሀ ታንኳ ሲሠራ አይቶ ያደገ ብቻ ይመስለዋል እንጂ ከሠሪዎቹ የተወለደ መሆኑን አያውቅም። ጠልሀ ወይጦ ነው። ጣና ዳር ወይጦ ማለት ደንገል የሚያጭድ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ በታንኳው ሁሉ የሚሳፈርበት፣ በዋንጫው ግን ማንም የማይጠጣበት ሰው ነው። ክርስቲያኑ «ጉማሬ በላ» ይለዋል፤ እስላሙ መስጊድ ቢያስገባው እንኳ ልጁን አይድርለትም። ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ገፍቶ አስነሣውና በቦታው መናፈሻ ሠራ። ጠልሀ ከዴንቨር ጥግ ኦሮራ ከተማ ከገባ ጀምሮ ለጠየቀው ሁሉ «ባሕር ዳር» ብሎ ያቆማል። የትኛው ሰፈር የሚል ሰው ከመጣ ድንገት ስልክ ይደወልለታል።

ልጁ ሪሃብ ይህን ታውቃለች። አሜሪካ የገባችው ገና አፏን ሳትፈታ ቢሆንም፣ እቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነግሯታል። የፊታችን እሑድ ከከሊል ጋር ኒካሕ ያስራሉ። ከሊል ግን አያውቅም።

«አባ፣ ዛሬ ንገራቸው። ፐርፌክት ቀን ነው እኮ» አለችው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «ከሊል ከኒካሑ በፊት የማወቅ ራይት አለው።»

«ከኒካሑ በኋላ ትነግሪዋለሽ።»

«ዛት ኢዝ ቺቲንግ።»

«ኑሮ ነው። እናቱን አታውቂያትም?»

«ዛኪያ? ሺ ላቭስ ሚ።»

«የምትወድሽ የባሕር ዳር ነጋዴ የልጅ ልጅ ነሽ ብላ ነው።»

«የቱ ነጋዴ?»

«እኔ የፈጠርኩት።»

ዛኪያ ከሴንቴኒያል ሰፈር ዘመዶቿን አስከትላ መጣችና የፊቱን ወንበር ያዘች። ለጠልሀ በእጇ ሰላምታ ሰጠችው፤ አማቿ የሚሆነው ሰው በፈረንጅ ፊት ሊናገር ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት ከፓስፊክ ጠረፍ የመጡት አሮጊት ነበሩ። የወገናቸውን ስም ደጋግመው ጠሩ። ልጅ ሳሉ ይህንኑ ስም በመጥራታቸው በትምህርት ቤት መገረፋቸውን ነገሩ። ዓሣ እንቁላሉን በሚጥልበት ወራት አያቶቻቸው በባሕሩ ዳር ጮክ ብሎ ማውራት እንኳ ይከለክሉ ነበር አሉ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ዛኪያም ተነሣች፤ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። በሩቅ አገር ለተናቀ ሰው ማልቀስ ምን ይከብዳል። የገዛ አገሩን የተናቀ ለመጋበዝ ግን አንድ ዋንጫ ይጠፋል።

ጠልሀ ማይኩን ተቀበለ።

«ዓሣ አጥማጆቹ ደንገሉን ከሥሩ አይነቅሉም፤ ከላይ ያጭዱታል» ብሎ ጀመረ። ሪሃብ ተረጎመች። «ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ በገመድ ይጠፍሩታል።» ተረጎመች። የአሮጊቲቱ ንግግር ግን ከሆዱ አልወጣም ነበር። «ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ሲል ደንገሉ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ መረባችንን እናወጣለን። ቢርበንም አንነካውም። አባቴ…»

አቆመ። ሪሃብ «ዊ»፣ «እኛ» እያለች ተረጎመችው፤ ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ዛኪያ አጠገቡ ደረሰች።

«እናወጣለን ነው ያልከው?»

ልጆቹ ከተጫጩ ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«የቱን?» አለ ጠልሀ።

«መረባችንን አልክ። ጆሮዬ ደህና ነው። አባትህ ሱቅ ነበረው አላልከኝም? መረብ የሚያወጣው የማን ዘር እንደሆነ ባሕር ዳር ዘመድ አላጣም፣ ደውዬ እጠይቃለሁ።»

የምትታጠፍ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተች። ሪሃብ ከጎኑ ሆና አትኩራ ታየው ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

«ምላሴ ነው የሳተው» አለ ጠልሀ። «ያወጣሉ ለማለት ነው። አባቴ ዓሣ ይገዛቸው ስለነበር ነገራቸውን አውቃለሁ።»

«ከእነሱ? እቤት ድረስ ይገቡ ነበር?»

«ኧረ፣ ደጅ ያስቀምጡለት ነበር። ግቢ አያስገባቸውም።»

ዛኪያ በረጅሙ ተነፈሰችና ስልኳን ዘጋች። «አይ እርስዎ። ወላሂ ልቤን አቆሙት እኮ። ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ።» ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወደ ዘመዶቿ ተመለሰች።

«አያቴን ደጅ አቆምከው» አለች ሪሃብ። ሙሉውን በአማርኛ ነበር ያለችው፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልቀላቀለችበትም።

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የሙዚየሙ ሠራተኛ፣ ትሑት ነጭ ሴት፣ እርሳስና ካርድ ይዛ ቀረበች። በእንግሊዝኛ ለስላሳ አድርጋ ጠየቀች። የፓስፊኮቹ ስማቸውን ሰጥተዋታል፤ የዚህች ታንኳ ሰዎችስ ራሳቸውን ማን ብለው ይጠራሉ? ስማቸው ከታንኳዋ ጋር ተጽፎ እዚሁ ይኖራል።

ወልደየስ ፈጥኖ ገባ። «ስማቸው ስድብ ነው፤ እንዳታጽፏት። በሙዚየም ስድብ ማስጻፍ ነውር ነው። ‘ኢትዮጵያውያን’ ብላ ትጨርስ።» በቅን ልቡ ነበር የተናገረው። ሰውን ከነስሙ የሚቀብሩት አብዛኛውን ጊዜ ቅኖች ናቸው።

ሴትዮዋ ግን ካርዷን አላጠፈችም። ታንኳዋን ከሚያውቅ ሰው መስማት ፈልጋ ዓይኗን ጠልሀ ላይ ተከለች። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ዛኪያ ዘመዶቿን ታስቃለች፤ ዞር ብትል ትሰማለች።

«ስም የላቸውም በያት» አለ ጠልሀ።

ሪሃብ የተረጎመችበትን ማይክ መደቡ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ይህን አልተረጉምም፣ አባ።»

ሴትዮዋ እርሳሷን እንደያዘች ትጠብቃለች። ጠልሀ በዚያችው በአውሮፕላን ማረፊያ እንግሊዝኛው ራሱ ነገራት።

«ኖ ኔም» አለ። «ዘይ ሀቭ ኖ ኔም።»