በስብከቱ ላይ ያለው ቀይ መስመር

ቄስ ዓለምነው በሞቱ በዓመቱ፣ የጻፏቸውን ስብከቶች በኮምፒዩተር ገልብጣ ለመጽሐፍ እንድታዘጋጅ ምስጋና ታዘዘች። ቄሱ ያገለገሉባት፣ በደብረ ታቦር ያለችው ትንሽ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ ሲሳይ ወረቀቶቹን ሲያሳዩዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኸን ቀይ መስመር አየሽው? የሳቸው እጅ አይደለም። አንድ ሰው አስፈራርቷቸው የሰረዘው ነው። የተሰረዘውን ሁሉ መልሰሽ አስገቢው።»

ምስጋና ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። «እሺ» ብላ በሟቹ ቤት ሥራዋን ጀመረች፤ ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ ወረቀቱ ከቤት እንዲወጣ አልፈቀዱም።

ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ መሪጌታ ቢሆነኝ ሳያንኳኩ ገቡ። የአጥር ጎረቤት ናቸው፤ በኦርቶዶክሱ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ አረፈ። ከኮታቸው የደረት ኪስ ቀይ እስክሪብቶ ብቅ ብሏል።

ምስጋና ወረቀቱን ሰብስባ በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ምነው ልጄ?»

«ብርድ ነው።»

«ወረቀቱን ነው የበረደው?»

እትዬ ወርቅነሽ ከት ብለው ሳቁ። ምስጋና አልሳቀችም።

በየቅዳሜው መጡ። «የት ደረስሽ?» ይላሉ፣ ተቀምጠው ይቆያሉ፣ ይሄዳሉ። ምን ቸገራቸው? ከተሰረዙት መካከል «የጎረቤቶቻችን ጾም ሆድ ማድረቅ ብቻ ነው» የሚል አገኘች። ይኸን ማን እንደሚሰርዝ መገመት አላስቸገራትም። የተሰረዘውን ሁሉ አስገባች። በመግቢያውም ላይ «በጠላት እጅ የተሰረዘው ተመልሷል» ብላ ጻፈች።

ሥራው ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን አላስችል አላት። መሪጌታ እንደተቀመጡ አንዱን ገጽ ዘረጋችላቸው።

«ይኸን የሰረዙት አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ሳያመነቱ ማመናቸው ይበልጥ አስደነገጣት። «ለምን?»

«ሰርዝ ስላሉኝ። የእሑዱን ስብከት ቅዳሜ ያነቡልኝ ነበር። ‹ፊትህ የማልለውን ከጀርባህ አልሰብክም፤ የሚያቆስልህን ሰርዘው› ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ጎረምሶች ነን። እሳቸው ይሳደባሉ፣ እኔም እሳደባለሁ።»

«የመጀመሪያ ቀንማ ገጹን ደም አስመስለውት ነው የሄዱ!» አሉ እትዬ ወርቅነሽ ከጓዳ። «ቄሱ ራት ሳይበሉ ተኙ።»

ምስጋና አሁንም አላመነችም። እትዬ ወርቅነሽም ቢሆኑ ጎረቤት ይፈሩ ይሆናል። አገላብጣ ሌላ ገጽ አወጣች፤ «ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው፤ በጾሙም አይደለም፣ በእኔም ስብከት አይደለም» ይላል። ቀይ አልነካውም።

«ይኸንስ ለምን አለፉት?»

«አልወደድኩትም። እስከ ዛሬም አልተቀበልኩትም» አሉ መሪጌታ። «ግን እምነታቸው ነው እንጂ ስድብ አይደለም። ሰርዘው ቢሉኝም እጄን አላነሳም ነበር።»

ምስጋና ክምሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። በድሮዎቹ ስብከቶች ላይ ቀዩ መስመር ጥቅጥቅ ብሏል፤ ዓመቱ በገፋ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻዎቹ ላይ ጭራሽ የለም።

«እነዚህንስ አላነበቡልዎትም?»

«አንብበውልኛል። ምን ልሰርዝ? ለመስማት ብቻ ነበር የምመጣው።» ወደ ቄሱ ባዶ ወንበር ተመለከቱ። «አሁንም እግሬ ቅዳሜን አልረሳም።»

ምስጋና ኮምፒዩተሯን ከፍታ ያስገባቻቸውን ስድቦች አንድ በአንድ አጠፋች። አቶ ሲሳይ ነገ «አንቺንም አስፈራሩሽ?» እንደሚሏት ታውቃለች። ያኔ ከአንገቷ ቀና ብላ መመለስ ይኖርባታል።

ከዚያ «በጠላት እጅ» ያለችበትን የመግቢያውን ወረቀት አወጣች። መሪጌታ ፊት ከመዘርጋቷ በፊት ግን በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

«እንዳይጠፋብሽ ነው ወይስ እንዳልሰርቅብሽ?»

«ለሁለቱም ነው» አለችና ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

መሪጌታ ሳቁና የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ከፈቱ።

«በይ አንብቢልኝ።»