የአባቴ ወረቀት በደህና ተቀምጧል

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አባቴን ሊገድለው የነበረው መርፌ ስሙ ማን ነበር?

ጥያቄው የማደንዘዣ ሐኪሙ ነው። አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሯል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ይገባል።

«የማይስማማቸው መርፌ አለ ብለዋል። የትኛው ነው?»

«ሰነዱ አለኝ» አልኩት። «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል።»

«በጣም ጥሩ» አለኝ። ከልቡ ነበር።

አባቴን መጠየቅ አይቻልም። ማስታገሻው አደንዝዞት ዓይኑን ጨፍኖ ያጉተመትማል። ቀደም ብሎ ሲጠየቅ «ነጭ ነበር» ብሏል። ሐኪሙ ይህንንም ጽፎታል።

አባቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። የደንበኛውን ልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከልብሱ ገበር ሥር ይሰፋዋል። «ደብተር ይጠፋል፤ ሰው ኮቱን አይጥልም» ይላል። የሕክምና ወረቀቶቹን ግን ከሟች እናቴ የክትትል ካርድ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ነበር የሚያኖራቸው። ትምህርቴን ጨርሼ ከውጭ የተመለስኩ ሰሞን ቆርቆሮውን ሳይ ደሜ ፈላ። ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቶቹንም ካርዱንም አንድ በአንድ በስልኬ እያነሳሁ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማኅደር ጫንኩ። በዓመት፣ በሆስፒታል፣ በበሽታ ለየኋቸው። ዋናዎቹን ለባለሱቁ ሰጠሁ። ለሁለት ሳምንት ሰፈሩ ስኳሩን በአባቴ የሽንት ምርመራ እየተጠቀለለለት ወሰደ።

ያ ስልክ ባለፈው ሳምንት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገባ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በአዲሱ ስልክ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ማኅደሩ እኔ መሆኔን እንዳረጋግጥ ስድስት አኃዝ ላከልኝ፤ በዘጠኝ ወደሚያልቀው ስልክ ቁጥሬ።

በዘጠኝ የሚያልቀው፣ በተማርኩበት አገር የነበረኝ ቁጥር ነው። ያኔ አልዘጋሁትም ነበር፤ መመለሴ የምር መመለስ መሆኑን አላመንኩማ። ማኅደሩንም በእሱ አስመዘገብኩ። ከሦስት ወር በኋላ ቁርጤን አውቄ ቁጥሩን ዘጋሁት። ማኅደሩን ረሳሁት።

ደወልኩ። ጠራ። ሰው ይዞታል ማለት ነው። አላነሳም። በአገሩ ቋንቋ ጻፍኩለት፦ «ይህ የቀድሞ ቁጥሬ ነው። አሁን የደረሰዎትን ስድስት አኃዝ ይላኩልኝ። የአባቴ ሕይወት ነው።» መልሼ ሳነበው አጭበርባሪ የጻፈው ይመስላል። «እባክዎ» ጨመርኩበት። ባሰበት።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ መጣች።

«እዚህ ምን ይገትርሻል?»

«ወረቀት እየጠበቅኩ ነው።»

«ከየት?»

«ከውጭ አገር።»

«ቤት አልነበረም እንዴ?»

ነገርኳት።

«እና የወንድሜ ነፍስ ባሕር ማዶ የማይታወቅ ሰው ኪስ ውስጥ ናት በይኛ።»

«ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል።»

«ጥሩ ሰው ስልክ ያነሳል፣ ምሁሯ።»

ያኔ አባቴን ያከመው ክሊኒክ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አክስቴ ባለሱቁ ጋ ደወለች። አልቋል፣ ሌላ ካላችሁ አምጡ አላት።

ሰባት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ተመለሰ። «ስሙን ሳላውቅ አላስተኛቸውም። ቢዘገዩም በእሳቸው ዕድሜ አደጋ አለው።»

አባቴ «ኮቴን» አለ። ከጠዋት ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው። በርዶት ነው ብዬ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤለታለሁ። ሦስተኛውን ላነሳ ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«ልብስ ሰፊ ኮቴን ሲል ብርድ ልብስ ይሰጠዋል?»

ኮቱን አልጋው ሥር ካለው ፌስታል አወጣች። ገበሩን ዳበሰች፤ ግራ ብብቱ ሥር ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከነርሷ መቀስ ተዋሰች። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ወጣ። የመርፌው ስም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ይህን ወረቀት አላውቀውም። ቆርቆሮውን ሳይሰጠኝ በፊት አውጥቶታል። ማኅደሩ ቢከፈትልኝ ኖሮ በዓመት፣ በሆስፒታል፣ በበሽታ ፈልጌ ስላጣሁት፣ ለሐኪሙ ምንም የለም እለው ነበር።

ሐኪሙ ስሙን ገለበጠ። «ኢንተርኔት ላይ ነው አላሉኝም?»

«ይሄ መጠባበቂያው ነው» አልኩት።

በማግስቱ አባቴ በደንብ ነቃ።

«ገበሩን ማን ነው የተረተረው?»

«አክስቴ።»

«ያስታውቃል።» የተተረተረውን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። «የእናትሽ ካርድስ? ፎቶዋ ያለበት። ሌላ ፎቶ የላትም፤ እሱን እንኳ አምኜ ለአንቺ ነው የተውኩት።»

«በደህና ተቀምጧል።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ በዘጠኝ ወደሚያልቀው ቁጥር ጻፍኩ፦ «አባቴ ተርፏል። አሁን አያስቸኩልም። ስድስቱን አኃዝ ግን ሲመችዎ ይላኩልኝ፤ እንደገና አስልካቸዋለሁ።»

መልእክቱ መድረሱን ስልኬ ነገረኝ። ይኸው አራተኛ ወሩን ያዘ።