የተሳሳተው ዘይት

ባየህ ጋራዡን እየጠረገ ሳለ መጥረጊያው እጁ ላይ ቆመ። ለነጯ መኪና ብሎ ከባሕር ዳር ያስመጣቸው የዘይት ጀሪካኖች እንደታሸጉ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ባዷቸውን መሬት ላይ የወደቁት ሌሎቹ ናቸው፤ ለተራ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆኑት።

«አያ ገበያው! ለነጯ መኪና የትኛውን ዘይት ነው የሞላህላት?»

ገበያው የጋራዡ ሸሪኩ ነው፤ በዕድሜም ይበልጠዋል። ከሚፈታው የሚኒባስ ጎማ ቀና ሳይል «የካምቢዮ ነዋ» አለ።

«የቱን?»

«ፊት ለፊት ያገኘሁትን። ዘይት ዘይት ነው፤ ምን ያስደነግጥሃል?»

ባየህ ግን ደንግጧል። ያቺ መኪና እንደ ሌሎቹ በጥርስ የሚያያዝ ማርሽ የላትም። ካምቢዮዋ ውስጥ ያሉት እየሰፉና እየጠበቡ የሚሠሩ ፑሊ የሚባሉ ሁለት መዘውሮች፣ በመካከላቸውም እንደ ቀበቶ የተወጠረ የብረት ቺንጋ ናቸው። ቺንጋው ሳይንሸራተት እንዲይዝ የራሱ ዘይት ያስፈልገዋል። በሌላ ዘይት ከተንሸራተተ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ በዚያው ከቀጠለ ካምቢዮው አበቃለት።

ጠዋት አሮጌውን ዘይት ቀድቶ እንደጨረሰ ስልክ ተደውሎለት ወጣ ብሎ ነበር። ሲመለስ አዲሱ ተሞልቶ ቆየው። ልኩን አየና መኪናዋን ሸኛት። ልኩን እንጂ ዓይነቱን አላየም።

ለባለመኪናዋ ለነፃነት ደወለ። ነፃነት ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ ወረታ ተዛውራ የመጣች የሩዝ ተመራማሪ ናት፤ ሊጠይቋት የመጡትን እናቷን ይዛ ጎንደር እንደምትሄድ ነግራው ነበር። ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። ደግሞ ደወለ። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጎንደር በሚወስደው በአዲስ ዘመን በኩል አየ፤ ተመለሰ።

«ሞተር ብስክሌትህን ስጠኝ።»

«ተው እንጂ! እስካሁን የት ደርሳ። ቢበላሽስ ከኛ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እናቷን ይዛለች እኮ፤ ዳገት ላይ ብትቆምባቸውስ?»

ገበያው ጥቂት አጉተመተመና ቁልፉን ወረወረለት።

ባየህ የታሸጉትን ጀሪካኖች፣ አንድ የተቆረጠ ባዶ ጀሪካንና መፍቻ ከኋላው አስሮ ከነፈ። ሜዳው አጨዳ ላይ ነው፤ ሩዙ እንዲደርቅ በአስፋልቱ ዳር ተሰጥቷል። ርብ ድልድይ ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ጠበቁት። ጥሩምባውን ደጋግሞ ቢያስጮህ ከብቶቹን የሚነዱት ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ እነሱም መንገደኞች ናቸው» አሉት። አፍሮ ጣቱን ከጥሩምባው አነሣ፤ እግሩ ግን መሬቱን መምታቱን አልተወም።

አዲስ ዘመን መግቢያ ላይ ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ነጯን መኪና አይታ እንደሆነ ጠየቀ።

«ነጠላ የለበሱ አሮጊት የያዘች? ወደ ጣራ ገዳም ታጠፈች» አለችው።

እጀታውን ጠምዝዞ ፍጥነት ጨመረ። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው።

ከአቀበቱ አጋማሽ ላይ አገኛቸው። መኪናዋ ጥግ ይዛ፣ ጎማዋ በድንጋይ ተደግፎ ቆማለች። እናቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል፤ ነፃነት ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን ሽቅብ ይዛ ትንጎራደዳለች።

«ማን ነገረህ?» አለች ስታየው። «ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። የማስጠንቀቂያ መብራትም በራ። እኔ ያላግባብ ረግጬው ነው እያልኩ...»

«አንቺ አይደለሽም፤ እኛ ነን። የተሳሳተ ዘይት ነው የሞላንልሽ። እኔም ሳላይ ሸኘሁሽ።»

ነፃነት ስልኳን አወረደች። ከዚያ «እናቴን ይዤ!» ብላ ጮኸች። «ገደል አፋፍ ላይ ብትቆምስ ኖሮ?»

ባየህ ጀሪካኖቹን ከሞተር ብስክሌቱ መፍታት ጀመረ።

«እሱስ ራሱ መጥቷል» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። «አሁን ምን ይሁን? እኔ ለገዳሙ ስለት አለብኝ።»

«ካምቢዮው እስኪበርድ አይነካም፣ እማማ። ቢበርድም መኪናዋ ዛሬ ዳገት አትወጣም።»

«እንግዲያ በዚያች አድርሰኝ» ብለው ወደ ሞተር ብስክሌቱ ጠቆሙ።

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? በልጅነቴ በቅሎ ጋልቤያለሁ።»

ባየህ በየድንጋዩ እየተጠነቀቀ ወጣ። አሮጊቷ ወገቡን ጨምድደው ይዘው «ረጋ በል፤ ልብህ ሲመታ በጀርባህ በኩል ይሰማኛል» አሉት። ከገዳሙ በር አድርሷቸው ተመለሰ።

ነፃነት ፊቷ ባይፈታም እጅጌዋን ሰብስባ ነበር። መኪናዋን ቀስ ብለው ወደ ኋላ እያንከባለሉ ሜዳ ቦታ አወረዷት፤ ዘይት ዳገት ላይ ልኩ አይታወቅም። ባየህ ዘይቱን በተቆረጠ ጀሪካን ቀዳው። ጣቱን ነክሮ ወደ ፀሐይ ሲያዞር ደቃቅ ብልጭታ አየ።

«ምንድን ነው?»

«ብረት ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን አለ።»

የወጣውን ያህል ለክቶ ትክክለኛውን ሞላ። ነፃነት ሞተሩን አስነሥታ፣ ፍሬኑን እንደረገጠች የማርሽ ዘንጉን ከቦታ ቦታ አዘዋወረች። አንዴ ቢቀዳም ከፊሉ ውስጥ ስለሚቀር፣ ወዲያ ወዲህ ነድተው እንደገና ቀዱ፤ እንደገና ሞሉ። ብልጭታው ሳሳ። የባየህ ሐሳብ ግን አልሳሳም።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ከምእመናን ጋር በእግራቸው ሲወርዱ፣ የጎንደሩ ጉዞ ቀርቶ ሁሉም ወደ ወረታ ተመለሱ። ባየህ በሞተሩ እየተከተለ፣ በየጊዜው ወደ መስኮቷ እየተጠጋ «ትጮኻለች?» ይላል።

«አትጮኽም! መንገድህን እይ!» ትለዋለች ነፃነት።

ጋራዥ ደርሰው የካምቢዮውን የታች ክዳን ፈታ። ብናኝ እንዲይዙ ክዳኑ ውስጥ የተቀመጡት ማግኔቶች ላይ የተጠራቀመው ብረት እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ስባሪ የለበትም፤ ካምቢዮው ተርፏል ማለት ነው። ገበያውም አጎንብሶ አየና «በሚቀጥለው ሳትነግረኝ አልነካም» አለ። ይህንንም ያለው በቀስታ ነው።

በማግሥቱ እናትና ልጅ እንደገና ተነሡ። ባየህ ቀኑን ሙሉ የያዘውን መፍቻ እየረሳ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ጎንደር ገብተናል» አለች ነፃነት።

«ዳገቱ ላይስ? ድምፅ አላሰማችም?»

«ምንም።»

«መብራቱስ?»

«አልበራም፣ ባየህ። ደኅና ነን።»

ስልኩን ዘጋና መፍቻውን አስቀመጠ። ምሳ አለመብላቱ ያን ጊዜ ታወቀው፤ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ።