እሜቴን የጠገናት ልጅ

ጋሽ መዶሻ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ በርሜሏን ጎኗ ላይ መቱ። ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ሰጠች። ደገሙ። ዱብ። ጆሯቸውን አስጠግተው በመዳፋቸው ዳበሷትና ቀስ ብለው ወደ በያጁ ዞሩ።

"ምን አድርገሃት ነው?"

"ጠገንኳት" አለ በያጁ፣ ፈገግታው ገና ከፊቱ ሳይጠፋ። "ያ ሁሉ ስንጥቅ የት እንደነበር አሁን አይታወቅም። ዝገቷንም ጠርጌ ቀለም ቀባኋት። አላማረችም?"

"አማረች" አሉ ሽማግሌው፣ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ዘፍ ብለው። "ሬሳም ሲገንዙት ያምራል።"

በርሜሏ "እሜቴ" ትባላለች። ድሮ የፋብሪካ ውሃ ማሞቂያ ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ የበያጁ አባት ከጋሽ መዶሻና ከሌላ ጓደኛው ጋር የሙዚቃ ቡድናቸው መሪ መሣሪያ አደረጋት። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ፤ መጋዝ፣ ሰንሰለት፣ የመኪና ሞላ፣ እና እሜቴ። በዚያን ጊዜ ከአድማጩ ግማሹ አቋርጦ ይወጣል፤ የቀረውም "መቼ ነው የምትጀምሩት?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒውተር ያለው ወጣት ሙዚቀኛ ሁሉ የእነሱን ድምፅ ቆርጦ ይለጥፋል፤ "አባቶቻችን" ይላቸዋል። ነገ ማታ በትልቁ አዳራሽ ለክብራቸው ዝግጅት አለ። የበያጁ አባት ለዚህ ሳይደርስ ባለፈው ዓመት ሞተ። የቀሩት ሁለቱ ይጫወታሉ፤ ሕዝቡ የሚመጣው ግን የእሜቴን ጉርምርምታ ሊሰማ ነው።

በያጁ በልጅነቱ የሰፈሩ ልጆች "የጣሳው ልጅ" ይሉት ነበር። አድጎ በብረት እንጀራውን ጋገረ እንጂ ለዘፈን ብሎ ብረት ላይ መዶሻ አሳርፎ አያውቅም። ከአባቱ ጋር ተኳርፈው አይደለም፤ ዝም ተባብለው ነው የተለያዩት፤ ይህ ደግሞ ከኩርፊያ ይከፋል። ጋሽ መዶሻ "ብረቶቹን አዘጋጅልን" ሲሉት እንግዲህ ለአባቴ አንድ ነገር ላድርግለት ብሎ የደንበኞቹን ሥራ ወደ ጎን ገፋ። በዕድሜው እንደዚያ ያማረ ብየዳ በይዶ አያውቅም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

"ስንጥቁን በግራይንደር ቆርጬ መልሼ ልክፈተው?" አለ፣ ነገሩ ሲገባው።

"መቁረጥ ሌላ፣ መሰንጠቅ ሌላ! ስንጥቁ ግራና ቀኙ እየተፋተገ ነበር የሚያጉረመርመው። ሌላ በርሜል ቆርጠን ሞክረናል። የማይረባ ነገር ሆነ።"

"ታዲያ አባቴ ለምን አይነግረኝም?" በያጁ ጮኸ። "ስንጥቁን እንዳትነካ ቢለኝ ምን ነበረበት? ለኔ ሲሆን አፉ ይታሰራል!"

"ጠይቀኸው ታውቃለህ?"



ጩኸቱን ሰምተው እናቱ ከፎቅ ወረዱ። ጋሽ መዶሻ የሆነውን ሲነግሯቸው በርሜሏን ዞረው አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

"እኔ የሰነጠቅኳትን ልጄ ጠገናት!"

"አንቺ?" አለ በያጁ።

"ገና ታዝለህ ነበር። አባትህ ፍሪጁን ሸጦ ድምፅ ማጉያ ይዞልኝ መጣ። ወተትህ ተበላሽቶ ውሏል። ይቺ በርሜል ደግሞ ደረጃው አናት ላይ ተገትራለች። በእግሬ ገፍቼ ለቀቅኳታ!"

"እኛ አለቀልን ብለን ወርደን ብንመታት አገር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ!" አሉ ጋሽ መዶሻ። "አባትህ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጥቶ እናትህ እግር ላይ ወደቀ። በርሜሏን እሜቴ ያላትም በእናትህ ምክንያት ነው።"

"ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሊያመሰግነኝ ነው! ስንት ቀን እንዳኮረፍኩት።"

ሦስቱም ሳያስቡት ዓይናቸው ወደ ደረጃው ሄደ። ከግቢው ወደ ፎቁ የሚያወጣ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ የድንጋይ ደረጃ ነው።

"እቴ" አሉ ጋሽ መዶሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንዴ ብቻ..."

"እኔማ አልችልም፣ ወንድሜ። እሱ ታሞ ሳስታምመው ንዴቴን ጨርሼዋለሁ። ያለ ንዴት ደግሞ በርሜል ማንከባለል ብቻ ነው።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"ልጅ ሳለህ እያለቀስክ ከውጭ ስትገባ እንባህን የጠረግኩት እኔ ነኝ። በቀብሩ ቀን ግን አንዲት ጠብታ ከዓይንህ አልወጣችም። ያ ሁሉ የት ገባ?"

በያጁ ብየዳውን አየ። ቀለሙ ሥር እንኳ መስመሩ ቀጥ ብሎ ያስታውቃል።

"ላይሰነጠቅ ይችላል" አለ። "ጥሩ ብየዳ ነው። ወይ ደግሞ ጨርሶ ይሰበራል።"

"ይሰበር" አሉ ጋሽ መዶሻ። "እንዲህ ደንቁራ ከምትቀር።"

ሰው ድንገት እንዳይገባ የግቢውን በር ቀረቀረ። ደረጃው ሥር የተደረደሩትን የደንበኞች የመስኮት ፍሬሞች አንድ በአንድ አነሳ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ በርሜሏን አቀፋትና ወደ አናቱ ሊያደርሳት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አወጣት። ጋሽ መዶሻ ሊያግዙት ተጠጉ።

"ተዉ፣ ጋሼ" አላቸው። "እርስዎ እዚያው ታች ሆነው ያዳምጡ።"